ከመርጨት በፊት ማንበብ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ነው።

ፒያሳ የነበረውን አትክልት ተራ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ገበያው በ2012 ዓ.ም. ከዚያ ቢነሣም፣ አራዳ ውስጥ በጉልት ቲማቲምና ድንች የሚሸጡ እናቶች ዛሬም አሉ። አንዷ የማታ ተማሪዬ ናቸው። በቀደም፣ «መምህር፣ አር ኤን ኤ የሚባል አዲስ የተባይ መድኃኒት ወጣ አሉ። ሰው አይጎዳም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

አር ኤን ኤ በሰውም፣ በከብትም፣ በጎመንም አካል ውስጥ አለ። ሥራው መልእክት ማድረስ ነው። ደብዳቤ ነው እንበል። ተመራማሪዎች ከተባዩ ደብዳቤዎች አንዱን ገልብጠው በቅጠል ላይ ይረጩታል። ተባዩ ቅጠሉን ሲበላ፣ አካሉ ተሳስቶ የገዛ ደብዳቤውን ይቀዳድዳል። ያን ጊዜ መብላት ያቆማል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይሞታል። አሜሪካ በ2016 ዓ.ም. ድንች በሚያጠፋ ጥንዚዛ ላይ የሚረጭ እንዲህ ያለ መድኃኒት ፈቅዳለች።

ጉዳቱስ? ደብዳቤው የተጻፈው ለአንድ ተባይ ስለሆነ፣ ንብንና ሌሎችን ነፍሳት በቀላሉ አይነካም። አፈር ላይ ቶሎ ይበሰብሳል። ሰው ቢበላውም ሆድ እንደ ምግብ ይፈጨዋል።

ነገር ግን ለሁሉም ተባይ አይሆንም። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው መጤ ተምች የእሳት እራት ልጅ ነው። በዚህ ወገን ላይ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ጥንዚዛውም ቢሆን ሊላመደው እንደሚችል በቤተ ሙከራ ታይቷል።

«እንግዲህ እማማ፣ ይበልጥ የሚያሠጋን በእጃችን ያለው አሮጌው መርዝ ነው» አልኳቸው።

በማግሥቱ አንድ ጀሪካን ይዘው መጡ። ከገበያ ገዝተው ውሃ ሲቀዱበት ከርመዋል። ግማሹ በተላጠው ወረቀት ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ፤ «መ - ር - ዝ።» ከዚያ ዝም አሉ። ማንም ዳግመኛ እንዳይቀዳበት ጀሪካኑን በሳነው።

አድማጮች፣ አዲስም ይሁን አሮጌ መድኃኒት ስትገዙ ሦስት ነገር አንብቡ፤ ስሙን፣ የሚገድለውን ተባይ፣ ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ ሰብሉ እንደሚለቀም። ቀኑ ሳይደርስ አትልቀሙ፤ ማጠብ ብቻውን ሁሉንም መርዝ አያስለቅቅም። በባዶው ዕቃ ውሃም እህልም አታኑሩ። ማንበብ ያልቻለ ጎረቤት ካላችሁ አንብቡለት።

የዛሬውን ቃል በደብተራችሁ ጻፉ፤ መርዝ። ደህና ሁኑ።