ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በየደብሩ በሹክሹክታ የሚነገር፣ በጉባኤ ግን ብዙም የማይወራ ነው። ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ምእመን ሱባኤ ሲገባ ወይም ጸበል ሲጀምር መድኃኒቱን የሚያቆምበት ጊዜ አለ። ክኒን መዋጥ እምነቱን የሚያጎድልበት ይመስለዋል። እኔ ግን ጤናን መጠበቅ ራሱ የእምነት ሥራ ነው እላለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሰውነት የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን ሲጽፍ ነገሩ ስለ ዝሙት ነበር። ያቀረበው ምክንያት ግን ከዚያ ይሰፋል፤ ሰውነታችን የእኛ አይደለም፣ ባለቤት አለው። የሰው አደራ የተቀበለ ደግሞ እንደ ፈቀደ አያበላሸውም።

«ታዲያ ንጉሥ አሳ ሐኪም በመፈለጉ አልተወቀሰም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተወቅሷል፤ በዜና መዋዕል ካልዕ ምዕራፍ 16 ላይ ያለውን ስናስተውል ግን ጥፋቱ በሕመሙ ጊዜ እግዚአብሔርን ትቶ በሐኪም ብቻ መታመኑ ነው። የንጉሥ ሕዝቅያስ ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ጸሎቱ ተሰምቶ እንደሚድን ተነገረው፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ከዚያ በኋላም የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ተስፋውም መድኃኒቱም ከአንድ ነቢይ አፍ ወጡ። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብሩ ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ ፈጣሪ ነውና። በአገራችንም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ መክረዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መድኃኒቱን ካቆምኩ ጀምሮ ምንም አላመመኝም» የሚለው ነው። ደም ግፊት ግን ብዙውን ጊዜ ምልክት አያሳይም። ልኬቱ በተደጋጋሚ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሳያመው ሊኖር ይችላል፤ በዚያው ጊዜ ግን ልቡ፣ ኩላሊቱና የአንጎሉ የደም ሥሮች ይጎዳሉ። ብዙዎች የሚያውቁት አንድ ጎናቸው ሽባ ከሆነ በኋላ ነው። ስለዚህ ሕመም አለመሰማት የመዳን ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው ልኬት ነው። ጸበል ፈውሶኛል የሚልም ቢሆን ተለክቶ ቢያረጋግጥ እምነቱ አይቀንስም፤ ከለምጽ የነጹትም ለካህን እንዲታዩ ታዘው ነበር።

«ሥጋን መጎሰም መንፈሳዊ ተጋድሎ ነው» ለሚሉም መልስ አለ። ጾም የሥጋን ፈቃድ ለመግዛት እንጂ ሥጋን ለመግደል አልተሠራም፤ ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ጾምን ታቀልላለች። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ይህ አደጋ ነው፤ ተጋድሎ ብለን አንጥራው።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። ሐኪሙ ሳያዝ መድኃኒት አታቁሙ፤ በጸበሉ ቦታም ክኒናችሁን አትደብቁ። ጤነኛ ነኝ የምትሉም ደም ግፊታችሁን ተለኩ። አባቶቻችን ካህናትም ይህንኑ በዐውደ ምሕረት ንገሩልን፤ ምእመኑ ከማንም በላይ የሚሰማው እናንተን ነው።