ድምፅ ሳያሰማ የሚቆም ፓምፕ



በቺንጋ የሚዞር የውኃ ፓምፕ ከመሞቱ በፊት ይናገራል። ኩሽኔታው ይጮኻል፤ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፤ ቺንጋው ይላላል። ጆሮና ዓይን ያለው መካኒክም ብልሽቱን ቀድሞ ይደርስበታል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፓምፕ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ምልክት አይሰጥም። በድንገት ይቆማል፤ ሞተሩ ግን አንዳች እንዳልጎደለበት ሁሉ መዞሩን ይቀጥላል። የአደጋው ሁሉ ምንጭ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቢ.ኤም.ደብሊው ኤን 52 ሞተርና እ.ኤ.አ. በ2009 የቀረበው ሦስተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ የውኃ ፓምፓቸውን ከቺንጋ አላቀው ለኤሌክትሪክ ኃይል አስረክበዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ፓምፑ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ሳይሆን በሙቀቱ መጠን ስለሆነ ነዳጅ ይቆጠባል። በአንጻሩ ግን የሞተሩ ሕይወት በአንድ ፊውዝ፣ በአንድ የሽቦ መጋጠሚያና በፓምፑ ውስጥ ባለ መቆጣጠሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣ ሾፌር ይታሰብ። ዳገቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ማርሹ ዝቅተኛ፣ ጭነቱ ከባድ፣ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ጥቂት ነው። ፓምፑ በዚህ ሰዓት ቢቆም ቬንቲሌተሩ በኃይል ይጮኻል፤ የሙቀቱ መብራት ይበራል። ሾፌሩ «ከተማ ልድረስ» ብሎ ቢቀጥል፣ የአሉሚኒየሙን ቴስታታ ለማጣመም ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያም ጋራዡ ጓርኒሲዮኑን ለውጦ፣ ፓምፑን ሳይመረምር መኪናውን ያስረክባል። መኪናው በሚቀጥለው ዳገት እንደገና ይፈላል። ባለንብረቱ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ሙያውም አመኔታ ያጣል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የተባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ከፍታውም ሊዘነጋ አይገባም። በአዲስ አበባ ንጹሕ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ብዙ ሞተሮች ደግሞ የሚሠሩት በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ግፊት የማይይዝ የራዲያተር ክዳንና ተራ የቧንቧ ውኃ የመጠባበቂያውን ልክ እጅግ ያጠብቡታል። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ የቆመ ፓምፕ ያለ ቴርሞስታትም ውኃ አያዞርም።

የባለሙያው ግዴታ እንግዲህ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ መኪናው ለአገልግሎት በገባ ቁጥር በመመርመሪያ መሣሪያ የተመዘገበ የብልሽት ኮድ መኖሩን ማየት፤ ሁለተኛ፣ ፓምፑን ከመኰነን በፊት ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ወደ ፓምፑ የሚደርሰውን ቮልቴጅና የመሬት ሽቦውን መለካት፤ ሦስተኛ፣ ፈሳሹ ከተለወጠ በኋላ በአምራቹ ሥርዓት መሠረት አየሩን አሟጦ ማውጣት ነው፤ ያለ ፈሳሽ የሚዞር ፓምፕ ራሱን ያቃጥላልና። አራተኛው ሾፌሩን ማስተማር ነው። መብራቱ ሲበራ ወይም ሞተሩ ግሎ ሳለ የውስጥ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ሲነፍስ፣ ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት፣ የጋለውን ክዳን አለመክፈት፣ በጋለው ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውኃ አለመጨመር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ቀድሞ የገቡትን ሞተሮች ዕድሜ ማራዘም የሙያው ትልቅ ኃላፊነት ሆኗል። በእነርሱ ፋንታ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ቢሆኑ ባትሪያቸውንና የኃይል መለወጫቸውን በብዛት የሚያቀዘቅዙት በዚሁ ዓይነት ፓምፕ ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህን ፓምፕ በሚገባ ያጠና መካኒክ ለአሮጌውም ለአዲሱም መኪና ይበቃል። ፓምፑ የማይናገር ከሆነ ባለሙያው አስቀድሞ ሊጠይቀው ይገባል።