ኩላሊት አንድ ጊዜ ይሰጣል፣ መድኃኒቱ ግን በየቀኑ ነው
(በቢቸናና በሞጣ አባላት የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በቁጠባ መዝገባችን ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ቤቴ ስለምይዘው ሌላ መዝገብ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ቢቸና መምህር ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በእጥበት ሲቆይ፣ ታላቅ እኅታችን አንዱን ኩላሊቷን ሰጠችውና አዲስ አበባ ንቅለ ተከላ ተደረገለት። ይኸው ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ያስተምራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። ስሙን ሳልጠራ ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል። እኔ ሞጣ ሆኜ የመድኃኒቱን ሒሳብ እይዝለታለሁ። ትምህርቴ የሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ነው እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ የመድኃኒት መጠን ከእኔ አትጠይቁ፤ እሱን የሚወስነው ሐኪም ብቻ ነው። እኔ የምናገረው መድኃኒቱ ቤት ከገባ በኋላ ስላለው ነገር ነው።

ወንድሜ ታክሞ ቢቸና ሲገባ ሊጠይቀው የመጣው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር፦ «እግዜር ይመስገን፣ ዳነ። መድኃኒቱን መቼ ነው የሚያቆመው?» መልሱ አያቆምም ነው። ኩላሊቱ እስከሠራለት ድረስ ጠዋትና ማታ ይውጣል። ይህን ያልተረዳ ቤተሰብ በብዙ ድካም የተገኘውን ኩላሊት ሊያጣው ይችላል።

ምክንያቱን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሰውነታችን ዘበኛ አለው። በሽታ ሲገባ የሚያባርርልን እሱ ነው። ይህ ዘበኛ ግን ከሌላ ሰው የመጣን ነገር ሁሉ በጠላትነት ነው የሚያየው። ኩላሊቱ የእኅት ስጦታ መሆኑን አያውቅም፤ ሊያጠፋው ይነሣል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያደርጉ፣ ሰጪውና ተቀባዩ ፍጹም አንድ ዓይነት መንትዮች ነበሩ። ሮናልድ ሄሪክ ለመንትያው ለሪቻርድ ሰጠው። የሪቻርድ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ራሱ ስለቆጠረው ስምንት ዓመት ኖረበት። መንትያ የሌለው ሰው ግን ዘበኛውን የሚያረጋጋ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ሳይክሎስፖሪን የተባለው ከኖርዌይ አፈር በተገኘ ሻጋታ መሰል ነገር ተሠርቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ወንድሜ የሚወስደው ታክሮሊመስ ደግሞ በ1984 ጃፓን ውስጥ ጹኩባ በተባለ ቦታ አፈር ውስጥ ካለ ረቂቅ ሕዋስ የተገኘ ነው። እኛ የምንረግጠው አፈር ስንት ነገር እንደያዘ ተመልከቱ።

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ድጋፍ ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድና ወደ ሌላ አገር ይሄድ ነበር። ኩላሊት መሸጥና መግዛት ክልክል ነው።

ወንድሜ ሦስት መድኃኒት ይወስዳል። ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ ነው፤ እሱ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት አድርጎታል። በደም ውስጥ ያለው መጠን ካነሰ ዘበኛው ይነሣል፤ ከበዛ ደግሞ ራሱ መድኃኒቱ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ስኳርና የደም ግፊት ያመጣል። ለዚህ ነው በየጊዜው በደም የሚለካው። የሚለካበት ቀን ጠዋት መድኃኒቱን ሳይውጡ ይሄዳሉ፤ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ይዋጣል። ሁለተኛው ማይኮፌኖሌት ነው፤ ሆድ ሊያስቀምጥና ነጭ የደም ሕዋስ ሊያሳንስ ይችላል። ሦስተኛው ፕሬድኒሶሎን ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፤ ቢሆንም በድንገት አይቋረጥም።

እዚህ ላይ ለእኛ ለሴቶች የሚሆን ቃል አለ። ማይኮፌኖሌት በማኅፀን ያለ ልጅ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ኩላሊቷ ደክሞ የወር አበባዋ ቀርቶ የነበረ ሴት ደግሞ ንቅለ ተከላው ከተሳካ በጥቂት ወራት ውስጥ ልታረግዝ ትችላለች። ስለዚህ የወሊድ መቆጣጠሪያ ጉዳይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መነሣት አለበት። መውለድ አይቻልም ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ወልደዋል። ነገር ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠበቃል፣ ሐኪሙም አስቀድሞ መድኃኒቱን በሌላ ይቀይረዋል። ለልጃችሁ ወይም ለምራታችሁ «ቶሎ ውለጂ» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ትልቁ አደጋ ሕመም አይደለም፤ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ነው። ሰውነት ኩላሊቱን መግፋት ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም፣ አያስተኛም። በላቦራቶሪ ክሬአቲኒን የሚባለው ቁጥር ከፍ ሲል ነው የሚታወቀው። እግሩ እስኪያብጥ፣ ሽንቱ እስኪቀንስ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ተረስቶ ቢታለፍም በሚቀጥለው ሰዓት ደርቦ መውጣት የለም፤ ደውሎ ሐኪምን መጠየቅ ነው።

ስለ ጾምና ጠበልም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ወንድሜ ጾመኛ ነው። ስለ ጠዋቱ መድኃኒት የነፍስ አባቱን አማክሮ በፈቃዳቸው ይወስዳል፤ ምግቡን በጾም ሕግ ያደርጋል። ጠበል የሚሄዱ ሰዎች መድኃኒታቸውን ጥለው እንደሚሄዱ ሁላችንም አይተናል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። እኛም ቤት በዚሁ ነው የምንሄድ። ይልቅ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ቦታ ከሳልና ከጉንፋን ይጠንቀቅ፤ ዘበኛው ተረጋግቷልና ቀላሉ በሽታም ይከብደዋል።

በምግብ በኩል ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ቀርቷል፤ ካልፈላ ወተት የተሠራ አይብም እንደዚያው። በዓል ሲመጣ ቁርጥ አልበላም ማለት በእኛ አገር ከባድ ነው፤ ባለቤቱ ግን ለእሱ ጥብሱን ለብቻ ታቀርባለች፣ ማንም አይጠይቀውም። ግሬፕፍሩት የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ስለሚያበዛ አይቀርበውም። ፀሐይ በበረታች ሰዓት ጃንጥላ ይይዛል፤ መድኃኒቱ ለቆዳ ካንሰር ያጋልጣልና።

ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ታክሮሊመስን በጣም ያሳንሰዋል። አንዳንድ የፈንገስ መድኃኒቶች፣ ክላሪትሮማይሲን የሚባለውም ያበዙታል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊቱን ራሱን ይጎዳሉ። አንድ ቀን ወንድሜ ጥርሱን አሞት አንድ ክሊኒክ ሄዶ የዳይክሎፌናክ መርፌ ታዘዘለት። ከኪሱ ካርዱን አውጥቶ አሳየ፤ በፓራሲታሞል ተቀየረለት። ካርዱ ላይ «የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረገ»፣ የሦስቱ መድኃኒቶች ስምና የሐኪሙ ስልክ ተጽፏል። ከወረቀት የተሠራች ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ኩላሊት ታድናለች። የባህል መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። ኮሶም ሆነ ሌላ ሥር፣ ሐኪሙ ሳያውቀው አይጠጣም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። መዝገቤ አራት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ወንድሜ ታክሮሊመስ በቀን 4 እንክብል ይወስዳል፤ በወር 120 ማለት ነው። ይህ የእሱ መጠን ነው፣ የሌላው ሰው ይለያል። በመጋዘን ሥራ ዕቃው ከማለቁ በፊት አዲስ የሚታዘዝበት ቀሪ አለ። እኛም ያንን አወጣን። በደህናው ጊዜ ማዘዣው ተጽፎ፣ መድኃኒቱ ተገዝቶ፣ በደጀን አድርጎ ዓባይን ተሻግሮ ቢቸና እስኪደርስ 15 ቀን ይፈጃል፤ ይህ 60 እንክብል ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በክልላችን መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክና ባንክ የሚቋረጥበት ቀን መጥቷል። ለዚያ 30 ቀን ጨመርን፤ 120 እንክብል። በድምሩ ቀሪው 180 ሲደርስ ለግዢ እንነሣለን። ከ360 በላይ ደግሞ አናከማችም፤ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀይር ይችላል፣ የአገልግሎት ጊዜውም ያልፋል። ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይዋጣል። እንክብሉ እስኪዋጥ ድረስ ከማሸጊያው አይወጣም፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ይርቃል። ክምችቱ ያለውም እሱ ዘንድ ቢቸና ነው፤ እኔ ሞጣ የምይዘው መዝገቡን ብቻ ነው። መንገድ ሲዘጋ ከታማሚው ርቆ ያለ መጠባበቂያ፣ መጠባበቂያ አይባልም።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለቤቱ ትቆጥርና ትደውልልኛለች፤ ስልክ ከሌለ ጽፋ ታቆያለች። ከመዝገቡ ጋር አስተያያለሁ። በመሥሪያ ቤት ከመዝገብ በላይ ዕቃ ቢገኝ ብዙ አያስጨንቅም። በዚህ መዝገብ ግን የሚያስደነግጠው ትርፍ ነው፤ ትርፍ ማለት ያልተዋጠ መድኃኒት ነው። አንድ እሑድ 6 እንክብል በለጠ። ሦስት ጊዜ አልወሰደም ማለት ነው። ሲጠየቅ፣ ገጠር ለቅሶ ሄዶ መድኃኒቱን ቤት ጥሎት እንደነበረ ታወቀ። በማግስቱ ለሐኪሙ ደወለ፣ ደሙን ተመረመረ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ቁጥሩ ደህና ነበር። ከዚያ ወዲህ የሁለት ቀን መድኃኒት ከነማሸጊያው ከኮቱ ኪስ አይለይም። ያ ቆጠራ ባይኖር ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር፤ እሱም ደህና ነኝ ብሎ ይቀጥል ነበር።

ዋጋውን እዚህ አልጠራም፤ በየጊዜው ይለዋወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ እኛ የቤታችንን በጀት እንደገና ሠራን። አንድ ነገር ግን አስታውሱ። ርካሽ ነው ተብሎ የሌላ ፋብሪካ ታክሮሊመስ ሐኪም ሳያውቅ አይቀየርም፤ ከተቀየረም መጠኑ በደም ይለካል።

ስለ ሰጪዋም ልናገር። ሁሉም ስለ ወንድሜ ይጠይቃል፤ ስለ ታላቅ እኅቴ የሚጠይቅ የለም። አንድ ኩላሊት ያላት ሴት ናት። መድኃኒት አትወስድም፣ ሥራዋን ትሠራለች፤ ግን በየዓመቱ የደም ግፊቷን፣ ደሟንና ሽንቷን መታየት አለባት። የእሷ ቀጠሮም በመዝገቤ ተጽፏል። ሰጥታ ጨርሳለች ተብላ እንዳትረሳ።

እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ለአንድ ወንድሜ ብዬ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ሳያቋርጡ መውሰድ ማለት ምን እንደሆነ ብዙ ሰው የተማረው ከጎረቤቱና ከማኅበሩ ነው። ዛሬም በመካከላችን የስኳር፣ የግፊት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ዕድሜ ልካቸውን የሚወስዱ አሉ። ስለዚህ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከቁጠባችን ላይ ወለድ የሌለው የመድኃኒት ብድር ይከፈት። ለሠርግና ለተዝካር እናበድራለን፤ መድኃኒት ሊያልቅ 45 ቀን ለቀረው ሰው ማበደር አያቅተንም። በሦስት ወር ቢመለስ ገንዘቡ ለሌላው ይደርሳል። ስሌቱን ሠርቼ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ። ተበዳሪዋ በስም ሳይሆን በቁጥር ትመዘገባለች፤ የሰው ሕመም ለወሬ አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ አንድ ቆጣሪ ትመደብለት። ሥራዋ በሳምንት አንድ ቀን መቁጠርና መጻፍ ነው። መገሠጽ የለባትም፤ ትርፍ ሲገኝ «ምን ገጠመህ?» ብላ መጠየቅ ይበቃል። የተገሠጸ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ትርፉን ይደብቃል።

ሦስተኛ፣ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አባል ለጸሐፊዋ ያሳውቅ። የታዘዘ መድኃኒት ከነማዘዣው በእጁ ይዞ ይመጣል፤ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫንም።

እኅቴ የሰጠችው አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛ የምትሰጠው የላትም። የቀረውን ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት እየጠበቅን የምንሰጠው እኛ ነን። ሐሳቦቹን ተወያዩባቸው፤ ኮሚቴውም በሚቀጥለው ስብሰባ ውሳኔውን ያሰማን።