የደባል ቤት ግድግዳ፦ የማኅበራችንን መዝገብ ስለ መጠበቅ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት ክብረ በዓል ላይ በኮምፒዩተር ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች «ስለ ኮምፒዩተሩ ጥቂት ተናገሩ» ሲሉን መጀመሪያ አንገራግረን ነበር። ምሳው ሳይቀርብ ስለ ኮምፒዩተር የሚያወራ ሰው እንደማይወደድ እናውቃለንና። ነገር ግን ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በጉባኤ ፊት ቆመን አላስረዳንም። ዕዳ አለብንና ልንከፍል መጥተናል።

ኮሚቴያችን ሦስት ሰው ነው። ሁለታችን አራት ኪሎ የጀመርነውን ትምህርት ሳንጨርስ የተሰደድን፣ ዛሬ ታክሲ ነድተን የምናድር ነን። ሦስተኛዋ እኅታችን ሆስፒታል ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ስለዚህ ከእኛ የሊቅ ንግግር አትጠብቁ። የምናቀርብላችሁ ተሳስተን የተማርነውን ነው።

በቢሮአችን ጥግ ሌት ተቀን የሚያጓራው ጥቁር ሣጥን በሁለተኛ እጅ የገዛነው አንድ ኮምፒዩተር ነው። በውስጡ ግን አራት ኮምፒዩተሮች አሉ። አንደኛው የአባላትንና የዕድሩን መዝገብ ይይዛል። ሁለተኛው የልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም መጥቶ ፎርም ይሞላበታል፣ ደብዳቤ ይጽፍበታል። አራተኛውን ይህችን መጽሔት ለማዘጋጀት ጨመርነው። እነዚህ ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ይመስላቸዋል እንጂ የሚኖሩት በአንድ አካል ውስጥ ነው። ባለሙያዎች ተሸካሚውን «አስተናጋጅ»፣ ተሸካሚው ላይ ያሉትን «እንግዳ» ይሏቸዋል። እኛ ግን ደባል እንላቸዋለን። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ደባልነት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ግቢው አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ ነው፤ በመሐል ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። ሰላም የሚኖረውም የሚደፈርሰውም በዚያ ግድግዳ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አይቢኤም አንድን ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው ማከፋፈልን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞክሮ፣ በ1972 ቪኤም/370 የተባለውን ለገበያ አቅርቧል። እኛ የምንጠቀምበት ኬቪኤም የሚባለው ክፍል ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ ያለና ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው።

ግድግዳው እንዴት እንደሚቆም ባጭሩ እንናገር። ኮምፒዩተር ሁለት ማስቀመጫ አለው። ዲስኩ ቁም ሣጥን ነው፤ ሜሞሪው ጠረጴዛ ነው። ሥራ የሚሠራው ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ በመዘርጋት ነው። ሜሞሪው በ4096 ባይት ገጽ በገጽ የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ደባል «የእኔ ገጾች ከዜሮ ይጀምራሉ» ብሎ ያምናል፤ አራቱም እንደዚያው ያምናሉ። አስተናጋጁ ግን ለእያንዳንዳቸው አንድ ሠንጠረዥ ይይዛል። «አንተ አምስተኛ የምትላት ገጽ በእውነቱ ሌላ ቦታ ናት» ብሎ ይመራቸዋል። በሠንጠረዡ ያልተጻፈለትን ገጽ ደባሉ ማንበብ ይቅርና በስሟ ሊጠራት አይችልም። ይህን ሠንጠረዥ ኤኤምዲ በ2007፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 በራሱ በማቀነባበሪያው ውስጥ አስገቡት። ከዚያ በፊት በሶፍትዌር ብቻ በብዙ ድካም ይሠራ ነበር። እንግዲህ ግድግዳው ከፋብሪካ ተሠርቶ ይመጣል ማለት ነው። እኛም ይህን አንብበን፣ ዲስኩንም በይለፍ ቃል ቆልፈን፣ «ተጠብቋል» ብለን ተኛን።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ እንመለስ። የአንዲት እኅታችን እናት አገር ቤት ማረፋቸው ለዕድሩ ዳኛ የተነገረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነበር። ይህን ዛሬ የምንናገረው እርሷው «ተናገሩት፣ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ» ብላ ፈቅዳልን ነው። ደንባችን የታወቀ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ቅርቧ የሆኑት ተጠርተው፣ ሽማግሌ ተጨምሮ፣ ማለዳ በቤቷ ይነገራታል። ማን ቅርቧ እንደሆነ፣ ማን በየትኛው ሰፈር እንደሚኖር የተጻፈው በመዝገቡ ውስጥ ነው። ዳኛው መዝገቡን ቢከፍቱ አይከፈትም። ሁለታችን መንገድ ላይ ተሳፋሪ ይዘን ነበር፤ ሦስተኛዋ ሥራ ላይ ነበረች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢሮ ደርሰን መዝገቡን አስነሣነው፤ ሥራው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ነገር ግን እኅታችን በዚያ መሐል አገር ቤት ካለ ሰው ተደውሎላት፣ በሥራ ቦታዋ፣ ብቻዋን መርዶዋን ሰምታ ነበር። ያን ሃያ ደቂቃ ሥራ በሰዓቱ ባለመሥራታችን ከእግዜር በታች እርሷን ይቅርታ ጠይቀናል፤ ዛሬም በፊታችሁ እንጠይቃታለን።

መዝገቡ ለምን ወደቀ? ሌባ አልገባም፣ ዕቃውም አልተበላሸም። ጥፋቱ የሒሳብ ነው፣ የእኛው ነው። ኮምፒዩተሩ 32 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው። እኛ ለመዝገቡ 12፣ ለትምህርት ቤቱ 10፣ ለክፍቱ 8፣ ለመጽሔቱ 8 ጊጋባይት ብለን ቃል ገብተን ነበር። ድምሩ 38 ነው! የሌለንን ስድስት ሰጥተናል፤ ለአስተናጋጁ ለራሱ የሚያስፈልገውን ሳንቆጥር ማለት ነው። ሊኑክስ ደግሞ ይህን አይከለክልም። ቃል የተገባውን ሁሉ ደባሉ በእርግጥ እስኪጠቀምበት ድረስ አያስረክብምና፣ ለወራት ምንም አልታየንም። ያን ማታ ትምህርት ቤቱ የልጆቹን ቪዲዮ፣ መጽሔቱ የአሥር ዓመት ፎቶግራፍ በአንድ ጊዜ ያዘ። ሜሞሪው አለቀ። ሊኑክስ ሜሞሪ ሲያልቅበት ሁሉም ከሚወድቅ ብሎ አንዱን ይገድላል። ማንን ቢሉ፣ በአብዛኛው ብዙ የያዘውን ነው። መዝገቡ ዋናችን ስለሆነ ትልቁን ድርሻ የሰጠነው እኛ ነን፤ ለወራት ሳይጠፋ ስለቆየም ድርሻውን ሞልቶ ይዞ ነበር። ልክ እንደ በዓል ሙክት፣ ያሰባነው ቀድሞ ታረደ።

ከዚያ ወዲህ ያስተካከልነውን በቅደም ተከተል እናቅርብ። የየራሳችሁ መሥሪያ ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ማሽን ካለው ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፣ ደመርን። ለመዝገቡ 8፣ ለትምህርት ቤቱ 8፣ ለክፍቱ 6፣ ለመጽሔቱ 4 አደረግን፤ 26 ሆነ። ስድስቱ ለአስተናጋጁ ቀረ። መዝገቡ በ8 ሲሠራ ልዩነቱን ያወቀ ሰው የለም፤ ለካስ 12 ያልነው ለክብሩ ነበር።

ሁለተኛ፣ የመዝገቡን ሜሞሪ ቆለፍን። ሊብቨርት በሚባለው መቆጣጠሪያ «ይህ ደባል የያዘው ገጽ ወደ ዲስክ አይገፋ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ትእዛዙ ግን ከፍተኛ ጣሪያ ወስኑልኝ ይላል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ጣሪያው ልክ 8 ቢሆን ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ራሱ የሚፈልገው ትርፍ ይጎድልና፣ ልንጠብቀው ያሰብነውን ደባል በገዛ እጃችን እናስገድላለን። ስለዚህ ሰፋ አድርገን ወሰንን። ደግሞም ሜሞሪ ሲያልቅ ማን ቀድሞ እንደሚገደል የሚወስን፣ ከዜሮ በታች 1000 እስከ 1000 የሚደርስ ቁጥር አለ። ለመዝገቡ ከዜሮ በታች፣ ለመጽሔቱ ከዜሮ በላይ ሰጠነው። መጽሔት ቢዘገይ ይነበባል፤ መርዶ ግን አይመለስም።

ሦስተኛ፣ ገጽ መጋራትን አቆምን። ሊኑክስ ከ2009 ጀምሮ በሁለት ደባሎች ዘንድ አንድ ዓይነት የሆነ ገጽ ሲያገኝ አንዱን ብቻ አስቀርቶ ሁለቱን የሚያጋራበት ዘዴ አለው። ሜሞሪ ስላጠረን እኛው አብርተነው ነበር፤ ቁጠባ መስሎን። በ2016 አምስተርዳም ያሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳዩትን ስናነብ ግን ደነገጥን። አንዱ ደባል ሆን ብሎ የጎረቤቱን የሚመስል ገጽ ያዘጋጃል፤ ሊኑክስም ያጋራቸዋል። ከዚያ አጥቂው የሜሞሪውን አጎራባች ረድፎች ደጋግሞ በመንካት በተጋራው ገጽ ላይ አንዲት ነጥብ ይገለብጣል፤ በዚያችም የጎረቤቱን ቁልፍ ያበላሻል። ግድግዳውን ሳያፈርስ ማለት ነው! የእኛ መዝገብ ማንም መጥቶ ከሚቀመጥበት ክፍት ማሽን ጋር ገጽ ይጋራ ነበር። ጉዳት እንደደረሰ ያገኘነው ምልክት የለም። ቢሆንም ለመዝገቡ «አታጋራ» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍን።

አራተኛ፣ ማቀነባበሪያውን አሻሻልን። በ2018 መጀመሪያ ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት ቀዳዳዎች ይፋ ሆኑ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር (በአውሮፓውያን ኦገስት) ደግሞ በኢንቴል ማቀነባበሪያዎች ላይ፣ አንድ ደባል ጎረቤቱ በቅርቡ የነካውን መረጃ ከውስጠኛው ፈጣን ማስቀመጫ ሊያነብ እንደሚችል ተገለጸ። የእኛ ማሽን ኢንቴል ነው። መድኃኒቱ የአምራቹን ማሻሻያ መጫን፣ ወደ ደባሉ በተገባ ቁጥር ያን ማስቀመጫ ማጽዳት፣ አንድን ማቀነባበሪያ እንደ ሁለት የሚያሠራውን ዘዴም ማጥፋት ነው። ሦስቱንም አደረግን። ማሽኑ ትንሽ ቀርፋፋ ሆኗል፤ ልጆቹ ካማረሩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። እስከ አሁን ያልነው ደባል ከደባል ስለሚጠበቅበት ነው። ደባሎቹን ከአስተናጋጁ ማን ይጠብቃቸዋል? እኛ ታክሲ ነጂዎች ይህን ጥያቄ በመስታወት እናውቀዋለን። ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጦ ስለ ፍቺው፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ወረቀቱ በስልክ ያወራል፤ ሹፌሩ እንደሌለ ቆጥሮ። ሹፌሩ ግን ይሰማል። ጆሮውን የሚዘጋው ግድግዳ አይደለም፣ ጨዋነቱ ነው። የአስተናጋጁን ይለፍ ቃል የያዘ ሰውም እንዲሁ ነው። ዲስኩ ቢቆለፍ እንኳ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ሁሉ ማየት ይችላል። አንዲት ትእዛዝ ሰጥቶ የመዝገቡን ሜሞሪ እንዳለ ወደ ፋይል መገልበጥ ይችላል። ያን የያዝነው እኛ ሦስታችን ነን።

በዚያ መዝገብ ምን እንዳለ አስቡ። የአሥር ዓመት ስም፣ አድራሻ፣ የቤተሰብ ቁጥር፣ ማን እንደከፈለና ማን እንዳቃተው። አድራሻው እንዳይታወቅበት የሚፈልግ ስንት ሰው በመካከላችን አለ! ያ ሁሉ አምኖን ነው የሰጠን።

በቴክኒክ በኩል መልስ አለ። ኤኤምዲ ኤፒክ በተባሉት ማቀነባበሪያዎቹ ከ2017 ጀምሮ የእያንዳንዱን ደባል ሜሞሪ በየራሱ ቁልፍ የሚመሰጥር ዘዴ አቅርቧል። ቁልፉ በማቀነባበሪያው ውስጥ ይኖራል፤ አስተናጋጁ ሜሞሪውን ቢመለከት የሚያየው ትርጉም የሌለው ነገር ነው። በ2021 የወጣው የበለጠው ዓይነት አስተናጋጁ ገጾቹን እንዳይቀያይር ጭምር ይከላከላል። ኢንቴልም ተመሳሳይ ዘዴ አለው። የእኛ አሮጌ ማሽን ይህ የለውም። ደግሞም በዚህ ላይ ተመራማሪዎች ቀዳዳ ማግኘታቸውን ልንደብቃችሁ አይገባም። ከሁሉ በላይ ምስጠራ ከዓይን ይጠብቃል እንጂ ከረሃብ አይጠብቅም፤ አስተናጋጁ ሜሞሪ ካነሰው የተመሰጠረውም ደባል ይወድቃል። አዲስ ማሽን ብንገዛ ኖሮ ያን ቅዳሜ የሚያድነን መግዛታችን ሳይሆን መደመራችን ነበር።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን። ይለፍ ቃሉ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በሒሳብ ያዣችን እጅ ይሁን፤ ማንም ብቻውን ወደ አስተናጋጁ አይግባ፣ የገባበትም ቀንና ምክንያት በደብተር ይጻፍ። በየሦስት ወሩ የስልክና የሰፈር ዝርዝር በወረቀት ታትሞ፣ ፖስታው ታሽጎ በዕድሩ ዳኛ ዘንድ ይቀመጥ፤ ዳግመኛ መርዶ ኮምፒዩተር እስኪነሣ አይጠብቅም። ሜሞሪ የሚመሰጥር ማሽን ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለውን ደግሞ ገንዘቡ የእናንተ ነውና እናንተ ወስኑ። እኛ ብንጠየቅ፣ መጀመሪያ ሁለቱ ይደረጉ፣ ከዚያ ለማሽኑ ይዋጣ እንላለን።

«ሺህ ዓመት አይኖር» ይባላል። እኛም ኮሚቴው ላይ ሺህ ዓመት አንኖርም። በሚቀጥለው አሥር ዓመት ሌሎች ይረከቡናል። ያን ጊዜ የሚረከቡት ሰው ጨዋነት ላይ ብቻ የቆመ ሳይሆን፣ ጨዋም ባይገኝ የማይፈርስ ግድግዳ እንዲሆን እንፈልጋለን። ልጆቻችሁ መካከል ኮምፒዩተር የሚወድ ካለ እባካችሁ ቅዳሜ ላኩልን፤ መደመር ከሚችል ሌላውን እናስተምረዋለን።