ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይግባ?

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ አዘዞም ሁኑ ፒያሳ፣ ዳባትም ሁኑ ደባርቅ፣ ጓሮ ቆርቆሮ ዘርግታችሁ የእንጨት ሥራ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ይህች ዝግጅት ለእናንተ ናት።

ብዙ ሰው ብሩን ይዞ ቀጥታ የሚሮጠው ወደ ኤሌክትሪክ ማሽን ነው። እኔ አልስማማም። መብራት ሲጠፋ ማሽኑም ሥራውም አብረው ይቆማሉ፤ መላጊያና መሮ ግን መብራት አይጠይቁም።

ገንዘብ የሚያዋጣው ስለት ላይ ነው። የርካሽ መሮ ብረት ልል ስለሆነ ቶሎ ይዶለዱማል። ጥሩ መሮ፣ ጥሩ መላጊያ፣ መሳያ ድንጋይ፣ እንዲሁም የማታጭበረብር ስኳድራ ያዙ። ስኳድራዋን እዚያው ሱቁ ደጃፍ ፈትኗት፦ ቀጥ ባለ ጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ አስምሩ፤ ከዚያ ገልብጣችሁ ከዚያው ነጥብ ድገሙ። ሁለቱ መስመሮች ካልገጠሙ 90 ዲግሪ አይደለችም፤ ለባለሱቁ መልሱለት።

የሥራ ጠረጴዛ አትግዙ፤ ከባሕር ዛፍ ራሳችሁ ሥሩት። የደንበኛ በር ግን ሌላ ነገር ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማልም። በነሐሴ ልክክ ብሎ የተገጠመው በር በጥር ብርድ ያስገባል፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከማሽኑ የተረፈው ብር ለደረቀ ዋንዛ ይዋል። ጣውላውን በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ፣ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ደርድሩት።

የማሽኑ ተራ ሲደርስ፣ እባካችሁ፣ የዓይን መከላከያ መነጽሩን አብራችሁ ግዙ።

(ሙዚቃ)