ይቅር የሚለው የተበደለው ነው!
(ደባርቅ ላይ በተደረገ የሕዝብ ውይይት ከቀረበ ንግግር)



«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ተረታችን። ዛሬ ግን የበላውም አይፈራም። ቢከሰስ እንኳ አንድ ቀን ማታ «ክሱ ተቋረጠ» የሚል ዜና ይነበብለታል። ለመሆኑ የመረጥናቸው እንደራሴዎች በዚህ ላይ ምን አሉ? ምንም!

እስቲ ሕጉን እንየው። እስረኛ በመንግሥት ውሳኔ የሚወጣባቸው ሦስት በሮች አሉ። አንደኛው ይቅርታ ነው፤ ለተፈረደበት ሰው በሕግ በተወሰነው ሥነ ሥርዓት ፕሬዚዳንቱ የሚሰጡት፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 የተጻፈ። ሁለተኛው ምሕረት ነው፤ ይኼ በአዋጅ ስለሚመጣ ፓርላማው እጁን ያወጣበታል፤ የ2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1096 እንደዚያ ነው የጸደቀው። ሦስተኛው በር ክስ ማቋረጥ ነው። አዋጅ 943/2008 ይህን ሥልጣን ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሰጠ፤ ጉዳዩ አገር አቀፍ ከሆነ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አማክሮ ያቋርጣል። ኋላም ሥልጣኑ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተላለፈ። ልብ በሉ! በዚህ በር ላይ ፓርላማው ዘበኛ እንኳ አይደለም።

ታዲያ ምክር ቤቱ አቅም አጥቶ ነው? አይደለም! በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ፣ ዳኛዋ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይውጡ አሉ። ፓርላማው ምን አደረገ? በሙስና የተጠረጠረ ዋስትና እንዳይኖረው የሚከለክለውን አዋጅ ቁጥር 239 በቀናት ውስጥ አወጣ። ለማሰር ሲሆን በሩጫ! ለመፍታት ሲሆን እንደኛው ሬዲዮ አዳማጭ!

የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ታምራት ላይኔ በ1989 ከሥልጣን ወረዱ፣ በ1992 በሙስና 18 ዓመት ተፈረደባቸው፣ 12 ዓመት ታስረው በ2001 ወጡ። ፍርዱ ትክክል ነው አይደለም ብለን ልንከራከር እንችላለን፤ ግን ክስ ነበር፣ ፍርድ ነበር፣ እስራቱም ታይቷል። የገቢዎችና ጉምሩኩ ሹም አቶ መላኩ ፈንታስ? ግንቦት 2005 ታሰሩ፤ አምስት ዓመት ከርመው ግንቦት 2010 ክሳቸው ተቋረጠ። ሌባ ናቸው እንዳንል የመጨረሻ ፍርድ የለም። ንጹሕ ናቸው እንዳንል «ነጻ» ያላቸው ዳኛ የለም። ጠፋ የተባለው ገንዘብ በእውነት ጠፍቶ እንደሆነም ሕዝቡ ሳያውቅ ቀረ። እንዲህ ያለው ነገር ተከሳሹንም ይበድላል፣ ሕዝቡንም ይበድላል።

በዚሁ በር ሌላም ወጥቷል። የሙስና ክስ አልነበረም፤ እናንተን ግን ከማንም በላይ ይመለከታል። በነሐሴ 2013 ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደርሶ፣ ጭና ተክለ ሃይማኖት ላይ ገበሬው በገዛ ደጁ ተገደለ። በአራት ወሩ፣ በ2014 የገና ዕለት፣ የሕወሓቱ አዛውንት አቶ ስብሐት ነጋ ክሳቸው ተቋርጦ መፈታታቸው ተነገረ። እውነቱን እንናገር፤ ሰውየው ጭና ላይ ያ ሁሉ ሲሆን እስር ቤት ነበሩ፤ የተከሰሱትም በዚያ አይደለም። ነገር ግን ውሳኔው ለምክር ቤት ድምፅ አልቀረበም። የጭናን እናት ማን ጠየቃት?

«ለሰላም ሲባል ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ይቅርታን አልቃወምም። እዚህ አገር ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ልጆች ነን። ግን ሽማግሌ እንዴት ነው የሚያስታርቀው? ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፣ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሣ ይቆረጥበታል፣ ከዚያ የተበደለው «ይቅር» ይላል። የተበዳይን አፍ ዘግቶ «እኔ ይቅር ብዬልሃለሁ» የሚል ሽማግሌ በስሜን ታይቶ ያውቃል? የሕዝብ ገንዘብ ሲጠፋ ደግሞ ተበዳዩ ሕዝቡ ነው፤ የሕዝቡ አፍ ፓርላማው ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ሰጥቶታል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ደግሞ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ ተወያይቶ አስፈላጊ ያለውን እርምጃ ይወስዳል። ሕጉ አለ፤ የጠፋው የሚነሣ ሰው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንድ፣ በሙስና የተከሰሰ ሹም ክሱ ከመቋረጡ በፊት ምክንያቱ በጽሑፍ ለምክር ቤቱ ይቅረብ፤ ተቃውሞ ካለም በግልጽ ይሰማ። ሁለት፣ የተዘረፈው ንብረት የት እንደደረሰ ሳይነገር ማንም አይለቀቅ። የኛ ተመራጮች ለድምፅ ሲመጡ ስለ መንገድና ስለ ውኃ እንጠይቃቸዋለን፤ ደግ አደረግን። ከእንግዲህ ግን ይቺን አንዲት ጥያቄ እንጨምር፦ «ሌባው ሲፈታ እርስዎ የት ነበሩ?»