ስለ ቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞችና ስለ ማስታወቂያ ሠራተኞች መጪ ዕድል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለተሰበሰቡት መምህራን፤ ወላጆችና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)





በዚህ በዓል እንድንናገርበት የተመደበልን ርእስ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ወዴት እንደሚያመሩና በእነርሱ የሚጠቀመውን የማስታወቂያ ሠራተኛ ምን እንደሚጠብቀው የሚመለከት ነው። ርእሱ ሲነበብ ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ፤ «ይህ ለነጋዴዎች እንጂ ለተማሪዎች ምን ይረባል?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ይሁን እንጂ ከእኛ መካከል በስልኩ ቪዲዮ ቆርጦና ቀጥሎ ለጓደኞቹ ያላሳየ ጥቂት ነው፤ ሥራውንም መተዳደሪያዬ አደርገዋለሁ ብሎ ያሰበ አለ። ወላጆቻችንም፤ «ኮምፒዩተሩ ራሱ ፊልም መሥራት ከጀመረ ልጄ ይህን ተምሮ ምን ይበላል?» ሲሉ እንሰማለን። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ስለሆነ በዕውቀታችን መጠን መልስ ለመስጠት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማቀናበር፤ በተለምዶ ኤዲቲንግ የሚባለው፤ ከተነሣው ሥዕል ውስጥ የሚረባውን መምረጥ፤ ትርፉን መጣልና የቀረውን አንድ ሐሳብ እንዲናገር አድርጎ ማያያዝ ነው። በፊልም ዘመን ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነበር፤ አቀናባሪው ፊልሙን በመቀስ ቆርጦ በማጣበቂያ ይቀጥለው ነበር። በ1924 ሞቪዮላ የተባለው መኪና ተሠርቶ ፊልሙን እየተመለከቱ የሚቆረጠውን ቦታ መለየት ቀለለ። በ1956 አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሥዕልን በማግኔት ጥብጣብ ላይ የሚቀዳ መኪና አወጣ፤ በዚህ ጥብጣብ ላይ ያለው ሥዕል ግን እንደ ፊልም በብርሃን ላይ ተይዞ በዐይን ስለማይታይ፤ በምላጭ የሚቆርጠው ሰው በጨለማ እንደሚዳብስ ያህል ይቸገር ነበር። በ1971 ሲኤምኤክስ 600 የተባለው መሣሪያ ሥዕሉን በኮምፒዩተር ዲስክ ላይ አኑሮ ከተፈለገው ቦታ መጥራት እንደሚቻል አሳየ፤ በ1989 አቪድ፤ በ1991 አዶቢ ፕሪሚየር ተከተሉ። ዋልተር መርች የተባለው አሜሪካዊ «ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት» የተባለውን ፊልም በአቪድ አቀናብሮ በ1997 የኦስካርን ሽልማት ተቀበለ። ይኸው ሰው ቀደም ሲል ፊልሙን በእጁ እየቆረጠ የሠራ ነው፤ መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ዐይኑ አልተለወጠም።

በማስታወቂያ በኩል የሆነው ለውጥ ከዚህ ይበልጣል። በአሜሪካ አገር የመጀመሪያው የተከፈለበት ሕጋዊ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ በኒው ዮርክ ጁላይ 1 ቀን 1941 የታየው የቡሎቫ ሰዓት ማስታወቂያ ነው። የአገሪቱ ካርታና በላዩ አንድ ሰዓት ይታያል፤ ድምፅ ይሰማል፤ በዚህ ያበቃል። ዛሬ ግን አንድ ሳሙና የሚሸጥ ድርጅት አንድ ማስታወቂያ አሠርቶ ዝም አይልም። ለቴሌቪዥን በአግድም የሰፋ፤ ለስልክ ወደ ላይ የረዘመ፤ እንደገናም አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ቅጂ ይፈልጋል። ዩቲዩብ በ2016 ስድስት ሰከንድ ብቻ የሚቆይ ማስታወቂያ ስለጀመረ ለእርሱ የሚሆን አጭር ቅጂ ይጨመራል። ድምፁን ዘግቶ ለሚመለከተው ሰው የግርጌ ጽሑፍ ያለው ቅጂ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ አንዱ ቅጂ እናትን፤ ሌላው ቅጂ ተማሪን ከፊት አድርጎ ይሠራና ለተለያዩ ተመልካቾች ተልኮ የትኛው ብዙ ገዢ እንዳመጣ ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት የሚያሰለች ነው። ስለዚህ ፕሮግራም አውጪዎች አስቀድመው የያዙት ይህንኑ አሰልቺ ክፍል ነው። ለምሳሌ አዶቢ በ2019 በፕሪሚየር ውስጥ ያወጣው አንድ ዘዴ፤ ሰፊውን ሥዕል ወደ ረጅሙ ሲለውጥ የሚንቀሳቀሰውን ሰው እየተከተለ ከመካከል እንዳይወጣ ያደርጋል። ሥራውን መኪና ስለወሰደው ያዘነ ሰው ያለ አይመስለንም። አንድ ነገር ግን ሳይታሰብ አብሮ ሄደ። ጀማሪው ሠራተኛ ሙያውን ይማር የነበረው ከባለሙያው አጠገብ ተቀምጦ በዚሁ አሰልቺ ሥራ ነበር። ሺህ ጊዜ የቆረጠ ልጅ የት መቁረጥ እንደሚገባው ያውቃል። የመሰላሉ ታችኛው ደረጃ ከተነቀለ ወደ ላይ የሚወጣው በምን ረግጦ ነው? ወላጆች ሊጨነቁበት የሚገባው እውነተኛ ችግር ይህ ይመስለናል፤ መፍትሔውንም እስካሁን በደንብ ያገኘ ድርጅት አላየንም።

ከ2023 ወዲህ ደግሞ ካሜራ ሳይነካ ከጽሑፍ ብቻ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያወጡ ፕሮግራሞች ለሕዝብ ቀረቡ። ሰው የሚፈልገውን በቃላት ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን ሠርቶ ያመጣል። ጉግል በግንቦት 2025 ያወጣው ቪዮ 3 ከሥዕሉ ጋር ድምፁንም የሚሠራ ነበር። በወሩ ካልሺ የተባለው፤ ሰዎች ወደፊት በሚሆነው ነገር ላይ ገንዘብ የሚያስይዙበት የአሜሪካ ኩባንያ፤ በዚሁ ፕሮግራም የተሠራ ማስታወቂያ በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ ጊዜ አሳየ። (ኩባንያውን የምንጠቅሰው ሥራውን ለማመስገን አለመሆኑ ይታወቅልን።) ወጪው 2,000 ዶላር ያህል እንደነበረ ተነገረ፤ ይህም ለእንደዚያ ያለ ሰዓት የሚሠራ ማስታወቂያ በተለመደው መንገድ ከሚጠይቀው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም።

ወሬውን የሰሙት ሁሉ ስለ ገንዘቡ ሲያወሩ፤ እኛን ያስደነቀን ሌላው ቁጥር ነው። ሠሪው እንደተናገረው 15 የሚሆኑ ጥሩ ቁራጮችን ለማግኘት ከ300 እስከ 400 የሚደርሱ ቁራጮችን ማሠራት ነበረበት። ይህ ማለት ከሃያ ቁራጭ አንዱን እንኳ በጭንቅ ነው ያስቀረው፤ የቀረው ሁሉ ተጣለ። በአንዱ እጁ ጣት ይተርፋል፤ በአንዱ ፊቱ መካከል ላይ ይለወጣል፤ በሌላው ምንም ስሕተት ሳይኖር ነገሩ አይጥምም። እንግዲህ መኪናው ሥዕል መሥራትን ሲያረክሰው መምረጥን አላረከሰውም፤ እንዲያውም አበዛው። ቀድሞ አንድ ሰዓት ፊልም ይመለከት የነበረው አቀናባሪ ነገ ዐሥር ሰዓት የሚያህል ክምር ሊቀርብለት ነው። በ2024 መጨረሻ ኮካ ኮላ በ1995 አሳይቶት የነበረውን የገና መኪናዎች ማስታወቂያ በዚህ ዘዴ እንደገና አሠርቶ ሲያሳይ ብዙ ተመልካች ነፍስ የለውም ብሎ ነቀፈው። ኩባንያው ግን በ2025ም በዚያው ዘዴ ደገመው። ከዚህ የምንረዳው ተመልካች መንቀፉ ብቻ የሠራተኛውን እንጀራ እንደማይጠብቅለት ነው።

እንዲያውም ከዚህ የበለጠ ነገር ታስቧል። የሜታ ኩባንያ ኃላፊ ማርክ ዙከርበርግ በ2025 በሰጡት ቃለ መጠይቅ፤ ነጋዴው የሚፈልገውን ውጤትና የሚከፍልበትን የባንክ ሒሳብ ብቻ ካቀረበ ማስታወቂያውን መሥራቱንም ገዢ መፈለጉንም ኩባንያው ራሱ ሊያደርግለት እንደሚያስብ ገልጸዋል። ለአነስተኛ ነጋዴ ይህ ትልቅ ምቾት ነው፤ አቀናባሪ መቅጠር የማይችል ባለ ሱቅም ሊጠቀምበት ይችላል። ነገር ግን በገበያችን እህል የሚሸጠው፤ ሚዛኑን የሚይዘውና ሒሳቡን የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ገዢው ምን ያህል እንደሚጠራጠር ሁላችንም እናውቃለን። ማስታወቂያውን የሠራው፤ ቦታውን የሸጠውና «ይህን ያህል ገዢ አመጣሁልህ» ብሎ የሚቆጥረው አንድ ድርጅት ሲሆንም ነገሩ ያው ነው። የማስታወቂያ ባለሙያ ወደፊት የሚፈለግበት አንዱ ምክንያት በነጋዴው ወገን ቆሞ ይህን ቁጥር የሚመረምር ሰው እንዲኖር ነው።

መሣሪያውም ቢሆን የሰው መሆኑን አንርሳ። አዶቢ በ2013 ፕሮግራሞቹን ለአንድ ጊዜ መሸጥ እየተወ ወደ ኪራይ አዞረ። ካፕካት የተባለው በብዙዎቻችን ስልክ ላይ ያለው ፕሮግራም ደግሞ በጥር 2025 በአሜሪካ ከቲክቶክ ጋር በሕግ ምክንያት ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። ሥራውን ሁሉ በእርሱ ውስጥ ብቻ አከማችቶ የነበረ ሠራተኛ በዚያ ጊዜ ምን እንደተሰማው መገመት አያስቸግርም። የተነሣውን ጥሬ ቪዲዮ በራስ ዲስክ ላይ ማኖር ከማንኛውም ፕሮግራም ዕውቀት ይቀድማል።

ስለ እውነትም ጥቂት እንበል። ያልታጠበ ልብስ እንደታጠበ፤ ያልተናገረ ሰው እንደተናገረ አድርጎ ማሳየት አሁን ቀላል ሆኗል። በ2024 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ፤ እውነተኛ መስሎ በኮምፒዩተር የተሠራ ሥዕልና ድምፅ ይህንኑ የሚገልጽ ምልክት እንዲኖረው ይጠይቃል። አዶቢ፤ ማይክሮሶፍት፤ ቢቢሲና ሌሎችም በ2021 ተባብረው፤ አንድ ሥዕል በምን መሣሪያ ተነሥቶ ምን እንደተለወጠበት ከፋይሉ ጋር ተያይዞ የሚጓዝበትን ሥርዓት መሥራት ጀምረዋል። በአገራችንም በ2012 የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 (ቁጥሩ በእኛ ዓመት የተጻፈ ነው) ማስታወቂያ ሐሰተኛና አሳሳች እንዳይሆን ይከለክላል። አዋጁ ሲወጣ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች አልነበሩም፤ ቃሉ ግን በመቀስም ሆነ በኮምፒዩተር ለተሠራው ውሸት እኩል ይደርሳል። በፍርድ ፊት የሚቀርበውም ፕሮግራሙ ሳይሆን ሰው ነው።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንምጣ፤ በእኛ አስተያየት የወላጆች ጥያቄ ዋና መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከወጡት ዘዴዎች መካከል እጅግ ጠቃሚ የምንለው ንግግርን በጽሑፍ እያዩ መቁረጥ ነው። ፕሮግራሙ የተናጋሪውን ድምፅ ሰምቶ በጽሑፍ ያወጣዋል፤ እያንዳንዱንም ቃል ከተነገረበት ቅጽበት ጋር ያያይዘዋል፤ ስለዚህ አቀናባሪው ከጽሑፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሰርዝ ሥዕሉም አብሮ ይቆረጣል። አዶቢ ይህን ዘዴ በ2023 በፕሪሚየር ውስጥ ሲያወጣ ከሚሰማቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ አልነበረም። የእንግሊዝኛው አቀናባሪ የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ እንደ ደብዳቤ እያነበበ ሲቆርጥ፤ የአማርኛው ባልደረባው ሰዓቱን ሙሉ እየመለሰ ከመስማት ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

ችግሩ በመስማት ብቻ አይቆምም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» እንደ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መዋኘት ነው፤ ሲጠብቅ ትልቁ ወይም ቀዳሚው ማለት ነው። መኪናው የማስታወቂያ ጽሑፍ በድምፅ ሲያነብ «ዋና መደብራችን» የሚለውን አላልቶ ቢያነበው፤ ሰሚው መዋኛ ያለው ሱቅ የተከፈተ ሊመስለው ይችላል። አንባቢ ልጅ ይህን ስሕተት አይሠራም፤ የቃሉን ትርጉም ያውቃልና።

የዓረፍተ ነገራችን አሠራርም የራሱ ጣጣ አለው። የአማርኛ ግሥ ከመጨረሻ ይመጣል፤ አዎንታና አሉታም የሚለየው በእርሱ ነው። «ይህ ሳሙና የሕፃን ቆዳ» ካልን በኋላ የሚከተለው «ይጎዳል» ይሁን «አይጎዳም» ሰሚው እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለበት። በእንግሊዝኛ ልማድ የተሠራ ፕሮግራም የግርጌ ጽሑፉን በቃላት ብዛት ብቻ ሲከፍለው ግሡን ለብቻው ወደሚቀጥለው ሥዕል ሊጥለው ይችላል። በስልክ የሚመለከተው ሰው ደግሞ በጣቱ ገፍቶ ለማለፍ ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል፤ ከማለፉ በፊት ያነበበው ሳሙናውንና የሕፃኑን ቆዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ስድስት ሰከንድ የሚቆይ የአማርኛ ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ጽሑፍ ቆራርጦ ማስገባት አይጠቅመውም፤ ገና ከመነሻው ግሡ ቶሎ እንዲደርስ አሳጥሮ መጻፍ አለበት። ይህን የሚያስተምር የፕሮግራም መመሪያ አላጋጠመንም፤ በክፍላችን የአማርኛ ሰዋስው መምህራችን ግን ሲያስተምሩን ኖረዋል።

ወላጆች ልጄ ምን ይበላል ላላችሁት፤ ይህ ሥራ ሠራተኛ ይጠብቃል። መኪናው አማርኛን እንዲሰማ ከተፈለገ ብዙ አማርኛ መስማት አለበት፤ ሰምቶ የጻፈውንም የሚያርም ሰው ይፈልጋል። ሞዚላ የተባለው ድርጅት በ2017 ኮመን ቮይስ የሚል የድምፅ ስብስብ ጀምሯል፤ ማንኛውም ሰው የቀረበለትን ዓረፍተ ነገር በድምፁ አንብቦ ያስገባል፤ ሌሎችም አድምጠው በትክክል መነበቡን ይመሰክራሉ። ስብስቡንም ፕሮግራም ሠሪዎች ሁሉ በነፃ ይጠቀሙበታል። አማርኛ ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ወላጆቻችን ከፈቀዱልንና ርእሰ መምህራችን የኮምፒዩተሩን ክፍል ዐርብ ከትምህርት በኋላ ከከፈቱልን፤ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተቀምጠን ለማንበብና የሌሎችን ንባብ ለማረም ተስማምተናል። ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጣችሁ ጓደኞቻችን የየአገራችሁን የአነጋገር ለዛ ይዛችሁ እንድትመጡ እንለምናለን።